ለእያንዳንዱ የድረ ገጽ አገልግሎት የራሱን የስህተትና የሴሽን ማብቂያ ገጽ ማዘጋጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

«የስህተት ገጹን ሠራሁት፤ ግን አይወጣም።» «ለአንዱ አገልግሎት ስጨምር የሌላው ጠፋ።» «ተጠቃሚው ፎርሙን ሞልቶ ሲልክ ወደ መግቢያ ገጽ ይመለሳል፤ የጻፈውም ሁሉ ይጠፋል።» እነዚህ ሦስት ቅሬታዎች በተደጋጋሚ ስለሚቀርቡልኝ፣ ሥራውን ከዝግጅት እስከ ሙከራ በሚሠራበት ተራ አስቀምጬዋለሁ። ምሳሌው ከፊት አንድ ኤንጂንኤክስ (የተጠቃሚውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ አገልግሎቶቹ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር)፣ ከኋላው ደግሞ ሦስት አገልግሎቶች ማለትም ቀጠሮ ማስያዣ፣ ፈቃድ ማደሻና ክፍያ ያሉበት ሰርቨር ነው። ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራው በአፓቺ ለምትጠቀሙም የሚለየውን በየቦታው ጠቅሻለሁ። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ፤ በኤንጂንኤክስ ፋይል ውስጥ ግን በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ቃላቱም በግርጌ ሰረዝ ተያይዘው ይጻፋሉ።

አንድ የጋራ ገጽ ለምን አይበቃም

ፒያሳ በሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለሁ፣ ጸሐፊዋ ለአንድ ነጋዴ የእድሳት ማመልከቻ ሞልታ ክፍያውን ስትልክ አየሁ። ገጹ አንድ ደቂቃ ያህል ሲዞር ቆየና 504 የሚል ቁጥር ያለበት የእንግሊዝኛ ነጭ ገጽ መጣ። ነጋዴው «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቃት «አልሄደም መሰለኝ» አለችውና ደግማ ላከችው። ጥቂት ቆይቶ በነጋዴው ስልክ ሁለት የክፍያ ማረጋገጫ መልእክቶች ገቡ።

ጸሐፊዋ አልተሳሳተችም። ኤንጂንኤክስ ሌላ ነገር ካልታዘዘ ከኋላ ካለው አገልግሎት መልስ የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። ጊዜው ሲያልፍ 504 ብሎ ግንኙነቱን ያቋርጣል፤ ይህ ግን መልሱ እንዳልደረሰው እንጂ ክፍያው እንዳልተፈጸመ አያሳይም። በቀጠሮ ማስያዣው ላይ «ቆይተው እንደገና ይሞክሩ» የሚል ገጽ ምንም ጉዳት የለውም፤ በክፍያው ላይ ግን ያው ዓረፍተ ነገር የሰው ገንዘብ ያስወስዳል። ገጾቹን በየአገልግሎቱ የምንለያያቸው ለዚህ ነው፤ የቀለምና የአርማ ልዩነት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 1፦ ፋይል ከመንካታችሁ በፊት

1. አሁን የሚሠራውን የኮንፊግሬሽን (የሰርቨሩ ቅንብር) ማህደር ሙሉ በሙሉ ቅዱ፤ የቅጂውን ስም ከነቀኑ ጻፉ።

2. ለእያንዳንዱ አገልግሎት የትኞቹ የስህተት ቁጥሮች የራሳቸው ገጽ እንደሚያስፈልጋቸው በወረቀት ላይ ወስኑ። ለአብዛኛው ሥራ 404 (ገጹ አልተገኘም)፣ 500 (አገልግሎቱ ውስጥ ስህተት አለ)፣ 502 (ከአገልግሎቱ ትክክለኛ መልስ አልመጣም)፣ 503 (አገልግሎቱ ለጊዜው የለም) እና 504 (መልሱ በጊዜው አልደረሰም) ይበቃሉ። 400ን እና 422ን አትንኩ፤ ብዙ አፕሊኬሽኖች «ስልክ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» የሚለውን ዓይነት መልእክት ከፎርሙ ጋር የሚመልሱት በእነዚህ ቁጥሮች ነው፤ ከጠለፋችኋቸው ተጠቃሚው የቱን መስክ ማረም እንዳለበት ማወቅ አይችልም።

3. በየአገልግሎቱ ሴሽን (ተጠቃሚው ከገባ በኋላ እንደገባ የሚቆይበት ጊዜ) የሚያበቃው በስንት ደቂቃ እንደሆነ ከራሱ ከኮንፊግሬሽኑ አንብቡ፤ በግምት አትጻፉ። ፒኤችፒ እንዳለ ከተተወ 1440 ሰከንድ ማለትም 24 ደቂቃ፣ ቶምካት 30 ደቂቃ፣ ላራቬል 120 ደቂቃ፣ ጃንጎ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ሦስቱም አገልግሎቶች በተለያየ የፕሮግራም ቋንቋ ወይም ማዕቀፍ ከተሠሩ ሦስት የተለያዩ ገደቦች አሏችሁ ማለት ነው።

4. ለአፕሊኬሽን ብቻ የሚመልሱትን አድራሻዎች፣ ለምሳሌ የሞባይል መተግበሪያው የሚጠራቸውን፣ ለይታችሁ ጻፉ። እነዚህ የሚጠብቁት ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ስለሆነ ያማረ የአማርኛ ገጽ ብትልኩላቸው መተግበሪያው ይበላሻል።

ደረጃ 2፦ ጽሑፉን መጻፍ

ገጹ ሦስት ነገሮችን በተራ ይናገር፦ የሆነውን ነገር፣ የተጠቃሚው ሥራ ምን ላይ እንዳለ፣ እና አሁን ምን ማድረግ እንዳለበት። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን እንዘለዋለን፤ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው።

ለክፍያው የ504 ገጽ የምጠቀምበት ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ከክፍያ ሥርዓቱ መልስ አልደረሰንም። ክፍያዎ ተፈጽሞ ሊሆን ስለሚችል እባክዎ ደግመው አይክፈሉ። በቅድሚያ የክፍያ ማረጋገጫ መልእክት በስልክዎ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ‹የክፍያዎቼ ዝርዝር› የሚለውን ይክፈቱ።»

ለቀጠሮው ያው ቁጥር ሲመጣ እንዲህ ይበቃል፦ «አገልግሎቱ ለጊዜው መልስ አልሰጠም። ቀጠሮዎ መያዙን ‹ቀጠሮዎቼ› ላይ ይመልከቱ፤ ከሌለ እንደገና ይሞክሩ።»

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። «ያልታወቀ ስህተት ተፈጥሯል» ብላችሁ አትተዉት፤ አንባቢው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። የፋይል ስም፣ የዳታቤዝ ስም ወይም የሶፍትዌር ቁጥር በገጹ ላይ አታውጡ። የምትሰጡት የእርዳታ ስልክም በእርግጥ የሚነሣ ይሁን።

ደረጃ 3፦ የገጹን ፋይል መሥራት

1. ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ ማህደር ክፈቱ፤ ማህደሩም ከአፕሊኬሽኑ ኮድ ውጭ ይሁን። አገልግሎቱ ሲወድቅ አብሮ የሚጠፋ የስህተት ገጽ አይጠቅምም።

2. ስታይሉንም አርማውንም በዚያው አንድ ፋይል ውስጥ አስገቡ። ብራውዘሩ ላይ የሚታየው አድራሻ ተጠቃሚው የነበረበት ስለሆነ፣ አንጻራዊ አድራሻ ያለው ስታይል ወይም ምስል ከዚያ ተነሥቶ ይፈለግና አይገኝም። ገጹ ያለ ቀለም የተዘበራረቀ ሆኖ የሚመጣባችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

3. ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ፤ የፊደል ዓይነቱን የሚያውጀው መስመርም በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ ይሁን። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ከማወጃው በፊት ረጅም የአማርኛ ርእስ ወይም ማስታወሻ ካስቀደማችሁ ወሰኑ ሳይታወቃችሁ ያልፋል። በተጨማሪም በኤንጂንኤክስ ላይ «ቻርሴት» የሚለውን ትእዛዝ ዩቲኤፍ-8 አድርጉት።

4. የገጹን ቋንቋ አማርኛ ብላችሁ አውጁ፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ሶፍትዌር በዚህ ይመራል። ከፊደል ቅርጾች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ኒያላንና አቢሲኒካን በተራ ዘርዝሩ። ለአንድ የስህተት ገጽ ሲባል የፊደል ቅርጽ ፋይል ከኢንተርኔት አታስወርዱ።

ደረጃ 4፦ ከኤንጂንኤክስ ጋር ማያያዝ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አትለውጡ።

1. ለገጾቹ አንድ የሎኬሽን ክፍል (ለአንድ አድራሻ የሚሠሩ ትእዛዞች በፋይሉ ውስጥ የሚጻፉበት ቦታ) ክፈቱና «ኢንተርናል» የሚል ትእዛዝ ጨምሩበት። ያን ጊዜ ሰው በቀጥታ አድራሻውን ጽፎ ሊከፍተው አይችልም፤ የሚከፍተው ኤንጂንኤክስ ራሱ ብቻ ይሆናል።

2. በእያንዳንዱ አገልግሎት ሎኬሽን ውስጥ «ኤረር ፔጅ» የሚለውን ትእዛዝ ከቁጥሮቹና ከዚያ አገልግሎት ፋይል ጋር ጻፉ። በቁጥሩና በፋይሉ መካከል እኩል ይሆናል ምልክትና 200 አትጨምሩ። ብዙ ቅጂዎች ላይ ታዩታላችሁ፤ ትርጉሙ ግን «ወድቄአለሁ» ማለት ሲገባ «ተሳክቷል» ብሎ መመለስ ነው። የክትትል ሥርዓታችሁ ውድቀቱን አያየውም፤ የፍለጋ ሞተርም የስህተት ገጹን እንደ እውነተኛ ገጽ ይመዘግበዋል። በአፓቺ ተመሳሳዩ ስህተት የሚመጣው «ኤረር ዶኪዩመንት» ላይ ሙሉ አድራሻ ከነኤችቲቲፒው ስትጽፉ ነው፤ ያን ጊዜ አፓቺ ብራውዘሩን ወደ ሌላ አድራሻ ይልከዋል፤ እውነተኛው ቁጥርም ይጠፋል። ከእዝባር (/) የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ብቻ ጻፉ።

3. የውርስን ሕግ አስታውሱ። ከላይ በሰርቨር ክፍል የተጻፉት የ«ኤረር ፔጅ» ትእዛዞች ወደ ሎኬሽን የሚወርዱት፣ በዚያ ሎኬሽን ውስጥ አንድም «ኤረር ፔጅ» ከሌለ ብቻ ነው። ለክፍያው 504ን ለብቻው ስትጨምሩ ከላይ የወረሰው 404 እና 500 ወዲያው ይጠፋሉ። «የሌላው ጠፋ» የሚለው ቅሬታ ምንጩ ይህ ነው። መፍትሔው በእያንዳንዱ ሎኬሽን ውስጥ ሙሉውን ዝርዝር ደግሞ መጻፍ ነው።

4. «ፕሮክሲ ኢንተርሴፕት ኤረርስ» የሚለውን ትእዛዝ ክፈቱት፤ ካልከፈታችሁት ዝግ ነው። አገልግሎቱ ጨርሶ ሲጠፋ 502ን የሚያወጣው ኤንጂንኤክስ ራሱ ስለሆነ፣ ትእዛዙ ዝግ ሆኖም ገጻችሁ ይታያል። ስለዚህ አገልግሎቱን አጥፍታችሁ ስትሞክሩ የሠራ ይመስላችኋል። አገልግሎቱ በሕይወት እያለ 500 ሲመልስ ግን ያ ገጽ የእሱ ስለሆነ ኤንጂንኤክስ ሳይነካው ያሳልፈዋል፤ ተጠቃሚውም የእንግሊዝኛውን ገጽ ያያል። ፒኤችፒ በፋስትሲጂአይ ከተያያዘ ትእዛዙ «ፋስትሲጂአይ ኢንተርሴፕት ኤረርስ» ነው፤ በአፓቺ ደግሞ «ፕሮክሲ ኤረር ኦቨርራይድ»።

5. በደረጃ 1 ለለያችኋቸው የጄሰን አድራሻዎች የራሳቸውን ሎኬሽን ክፈቱና በተራ 4 ያለውን ትእዛዝ እዚያ ዝጉት።

6. የስህተት ገጹ በካሽ (ብራውዘሩ ለቀጣይ ጊዜ ቅጂ በሚያስቀምጥበት ቦታ) እንዳይቀመጥ «ካሽ ኮንትሮል» የተባለውን ሄደር (ከገጹ ጋር አብሮ የሚላክ መረጃ) ኖ-ስቶር አድርጋችሁ ጨምሩ፤ በመጨረሻውም ላይ «ኦልዌይስ» የሚለውን ቃል አትርሱ። ያለ እሱ ኤንጂንኤክስ ሄደሩን የሚጨምረው ለተሳኩና ወደ ሌላ ለሚመሩ መልሶች እንጂ ለ500 ወይም ለ504 አይደለም።

7. «ኤንጂንኤክስ» ከሰረዝና ከቲ ፊደል ጋር አዝዛችሁ ፋይሉን አስፈትሹ። ትክክል ነው ካለ ብቻ ሪሎድ አድርጉ። ሪስታርት አታድርጉ፤ በፋይሉ ውስጥ ስህተት ቢኖር ሪሎድ የድሮውን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ሪስታርት ግን ሦስቱንም አገልግሎቶች ያወርዳቸዋል።

ደረጃ 5፦ የሴሽን ማብቂያ ገጽ

ሴሽን ሲያበቃ የወደቀ ነገር የለም፤ ስለዚህ ገጹ እንደ ስህተት አይናገር፤ ቀይ ምልክትም አይኑረው።

1. አፕሊኬሽኑ ሁለት ዓይነት መልስ እንዲሰጥ አድርጉ። ሙሉ ገጽ ሲጠየቅ ወደዚያው አገልግሎት የሴሽን ማብቂያ ገጽ ይምራ። ከጀርባ በጃቫስክሪፕት ሲጠየቅ ግን 401 (መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል) ይመልስ። ለጀርባ ጥያቄም ወደ መግቢያ ገጽ ከመራችሁት ጃቫስክሪፕቱ ዝም ብሎ ይከተለዋል፤ ዝርዝር በሚጠበቅበት ቦታም የመግቢያ ፎርም ወይም ባዶ ሳጥን ይመጣል።

2. ሰዓቱ ከማለቁ በፊት አስጠንቅቁ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ተጠቃሚው ጊዜውን በቀላል እርምጃ እንዲያራዝም ቢያንስ 20 ሰከንድ ይሰጠው ይላል። እኔ ለፈቃድ እድሳት 2 ደቂቃ እሰጣለሁ፤ ሰው የንግድ ምዝገባ ወረቀቱን ከቦርሳው ፈልጎ የሚያነብበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

3. ቆጠራውን በየሰከንዱ በመቀነስ አትሥሩት። ብራውዘር ከጀርባ ያለን ታብ ያዘገየዋል፤ ላፕቶፕም ሲከደን ቆጠራው ይቆማል። የሚያበቃበትን ሰዓት መዝግቡና ከአሁኑ ሰዓት ጋር አወዳድሩ። በሁለት ታብ የሚሠራ ሰው በአንዱ ሲያራዝም ሌላው እንዳያስወጣው ሰዓቱን ለሁሉም ታቦች የጋራ በሆነው የብራውዘር ማከማቻ ውስጥ አስቀምጡት።

4. በጀርባ በየጊዜው አዲስ መልእክት መኖሩን የሚጠይቅ ኮድ ካለ ሴሽኑን እንዳያድስ አድርጉ፤ አለበለዚያ ሰውየው ትቶት የሄደው ኮምፒውተር ላይ ሴሽኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይውላል።

5. የተሞላውን ፎርም አድኑ። ከሁሉ የሚሻለው ተጠቃሚው ከአንድ መስክ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር ረቂቁን ሰርቨሩ ላይ በስሙ ማስቀመጥ ነው። በብራውዘሩ ውስጥ ማስቀመጥ ቀላል ቢሆንም፣ በጽሕፈት ቤቶች አንድን ኮምፒውተር በቀን ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት የአንዱ ስልክና የፋይዳ ቁጥር ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ይታያል። የይለፍ ቃልና የካርድ ቁጥር ደግሞ በረቂቅ ውስጥ በፍጹም አይገቡም።

6. ወደ ነበረበት ገጽ መልሱት፤ ነገር ግን የመመለሻ አድራሻውን አጣሩ። በአንድ እዝባር የሚጀምር የራሳችሁ የውስጥ አድራሻ ካልሆነ አትቀበሉት። በሁለት እዝባር የሚጀምር አድራሻ የውስጥ ይመስላል፤ ብራውዘሩ ግን ወደ ሌላ ድረ ገጽ ይወስደዋል፤ አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ።

7. ገጹ ሐሰት እንዳይናገር ተጠንቀቁ። ሦስቱ አገልግሎቶች በአንድ የጋራ መግቢያ የሚገባባቸው ከሆኑ፣ የአንዱ ሴሽን ቢያበቃም የጋራው መግቢያ ገና ክፍት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ከሥርዓቱ ወጥተዋል» ብላችሁ ብትጽፉ ሰውየው አምኖ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ሰው ደግሞ «ግባ» የሚለውን ሲጫን ያለ ይለፍ ቃል በእሱ ስም ይገባል። ጽሑፉ እንዲህ ይሁን፦ «በዚህ አገልግሎት ላይ ለ30 ደቂቃ ስላልሠሩ ገጹ ተዘግቷል። የሞሉት ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ‹ከሁሉም ውጣ› የሚለውን ይጫኑ።» የደቂቃውን ቁጥር በደረጃ 1 ካነበባችሁት ውሰዱ፤ «የሞሉት ተቀምጧል» የሚለውንም ተራ 5ን ካልሠራችሁ አትጻፉት።

ደረጃ 6፦ የጥገና ገጽ እና ሰዓቱ

ለታቀደ ጥገና 503 መልሱ፤ «ሪትራይ አፍተር» የተባለውን ሄደርም በሰከንድ ጻፉ፤ ለአንድ ሰዓት 3600 ነው። ለሰው የሚነበበው ሰዓት ግን በአገራችን አቆጣጠር ይሁን። ብዙ ጊዜ የሰርቨር ሎግ የሚጻፈው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ በሎጉ 19:00 የሚለው አዲስ አበባ ላይ 22:00፣ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። «እስከ 10:00 ይቆያል» ብላችሁ ብትጽፉ አንዱ ባለጉዳይ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ 10 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፤ ሁለተኛው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ሁልጊዜ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውን ጨምሩ።

ደረጃ 7፦ መሞከር

በሙከራ ሰርቨር ላይ እያንዳንዱን አገልግሎት ለብቻው ሞክሩ፤ አንዱ ስለሠራ ሌላው ይሠራል አትበሉ።

1. የሌለ አድራሻ ክፈቱ፤ 404 ይምጣ።
2. አገልግሎቱን አጥፉት፤ 502 ይምጣ።
3. «ፕሮክሲ ሪድ ታይምአውት» የሚለውን (ከላይ ያየነውን የ60 ሰከንድ የመጠበቂያ ገደብ) ወደ 3 ሰከንድ አውርዳችሁ የሚዘገይ ገጽ ክፈቱ፤ 504 ይምጣ። ሙከራው ሲያበቃ ወደ ነበረበት መልሱት።
4. ከአገልግሎቱ ውስጥ ሆን ብላችሁ 500 አስወጡ። ይህን ፈተና አትዝለሉ፤ የደረጃ 4 ተራ 4 የሚረጋገጠው በዚህ ብቻ ነው።
5. ፎርሙን ግማሽ ሞልታችሁ የሴሽን ኩኪውን (ብራውዘሩ የተጠቃሚውን ሴሽን የሚለይበትን ትንሽ መረጃ) ከብራውዘሩ አጥፉና ላኩት።

በየፈተናው የገጹን መልክ ብቻ አትዩ፤ ከርል በተባለው የትእዛዝ መሣሪያ ወይም በብራውዘሩ የኔትወርክ መስኮት እውነተኛው ቁጥር መመለሱን አረጋግጡ።

ሳይሠራ ሲቀር

*በ502 ፋንታ የኤንጂንኤክስ የራሱ 404 ከመጣ፦* የስህተት ገጹ ፋይል በተባለው ቦታ አልተገኘም። የማህደሩን መንገድ ፊደል በፊደል አስተያዩ። 403 ከሆነ ግን ፋይሉ አለ፤ ኤንጂንኤክስ ፋይሉን ወይም ከበላዩ ካሉት ማህደሮች አንዱን የማንበብ ፈቃድ የለውም።

*ፎርም ሲላክ ብቻ 405 ከመጣ፦* «ኤረር ፔጅ» በአት (@) ምልክት ወደተሰየመ ሎኬሽን መርቷል። እዚያ የፖስት ጥያቄው (ፎርም የሚላክበት የጥያቄ ዓይነት) እንደ ፖስት ስለሚቀጥል ተራ ፋይል ሊመልስለት አይችልም። በቀጥታ ወደ ፋይሉ አድራሻ ምሩት።

*በላራቬል 419 ከመጣ፦* የፎርሙ የደህንነት ቶክን (ፎርሙ ከራሱ ገጽ መላኩን የሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ኮድ) አብቅቷል ማለት ነው። ለተጠቃሚው ይህ ከሴሽን ማብቃት የተለየ ትርጉም ስለሌለው ያንኑ የደረጃ 5 ገጽ አሳዩት።

*ተጠቃሚው ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው በሄደ ቁጥር ከፊተኛው ከወጣ፦* የሴሽን ኩኪዎቻቸው ስም አንድ ነው። ኩኪ በፖርት ቁጥር ስለማይለይ፣ በአንድ አድራሻ ላይ በተለያየ ፖርት የሚሠሩ ሁለት የጃቫ አገልግሎቶች አንዱ የሌላውን ኩኪ ይሽረዋል። ለእያንዳንዱ የተለየ የኩኪ ስም ስጡ።

*ሴሽኑ ከተወሰነለት ጊዜ ቀድሞ፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ከተቋረጠ፦* ሁለት የፒኤችፒ አገልግሎቶች የሴሽን ፋይላቸውን በአንድ ማህደር ውስጥ አስቀምጠዋል። አጭር ገደብ ያለው አገልግሎት ጽዳት ሲያደርግ የሌላውንም ያጠፋል። ጽዳቱ የሚነሣው በዕጣ ስለሆነ ችግሩ ስትፈልጉት አይገኝም፤ ሰው የበዛበት ሰዓት ላይ ግን ይደጋገማል። ለእያንዳንዱ የራሱን የሴሽን ማህደር ክፈቱ፤ ከዚያም ገደቡን ወደ 2 ደቂቃ አሳጥራችሁ የደረጃ 7ን አምስተኛ ፈተና በሁለቱም ላይ ድገሙ።